አባ ጎርጎርዮስ፤ የግዕዝ መምህራን መምህር

ከመገናኛ በላምበረት አድርጎ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን መንገድ ጧት ማታ የምንመላለስበት እኛ፣ ነገ መምህራን ተብለን ወደየትምህርት ቤቱ የምንበተን ተማሪዎች፣ ስለ ማስተማር ጥበብ የተናገሩ የብዙ ሰዎችን ስም በቃላችን ይዘናል። ስለ ሶቅራጥስ እንጽፋለን፤ ስለ ኮሜንዮስ እንፈተናለን፤ የሩሶንና የዲዊን ሐሳብ ገልብጠን ነጥብ እንቀበላለን። የአባ ጎርጎርዮስ ስም ግን ከታሪክ ክፍል ውጭ ሲነሣ እምብዛም አልሰማንም። እዚያም ቢሆን የኢዮብ ሉዶልፍ ወዳጅ ተብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። መምህር መሆናቸው ይዘነጋል፤ ያውም ጥቁር ሰሌዳና የመማሪያ መጽሐፍ ሳይኖራቸው፣ ከተማሪያቸው ጋር በደንብ የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ ሳይኖራቸው፣ አንድ ሰው አስተምረው እሱ በተራው ለአውሮፓ ሁሉ የግዕዝ መምህር እስኪሆን ያደረሱ መምህር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወት በመምህርነታቸው በኩል ለማየት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአማራ አገር፣ በመካነ ሥላሴ ነው። አማራ ስንል በዚያ ዘመን በዚህ ስም ይጠራ የነበረውን፣ በኋላ ወሎ በተባለው ውስጥ የሚገኘውን አገር ማለታችን ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ሲሆን፣ ያ ሕንጻ በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጥሏል። ሕፃኑ ጎርጎርዮስ ሲወለዱ ከቃጠሎው ወዲህ ስድሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ከእሳት የተረፈ መጽሐፍ በእጅጉ በሚከበርበት፣ ሽማግሌዎቹም ስለ ጠፋው በሚያወሩበት አገር እንዳደጉ መገመት አያዳግትም።

የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው። ፊደል ይቆጠራል፤ ንባብ ይቀጥላል፤ ዳዊት ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ተማሪው ልብና እንደ እግሩ ብርታት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። በዚያ ጊዜ ግዕዝ ማንም ልጅ ከእናቱ አፍ የሚሰማው ቋንቋ አልነበረም። በገበያና በቤት መነገሩ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ሆኖም ይጻፍበታል፤ ይቀደስበታል፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው ግስ እያረባ፣ አገባብ እየጠነቀቀ፣ ትናንት ያልነበረ አዲስ ቅኔ በየቀኑ ይቆጥርበታል። የማይነገርን ቋንቋ ሕያው አድርጎ ለማቆየት አባቶቻችን የዘየዱት መላ ይህ ነው፤ ተማሪው የሌላውን ሰው ድርሰት በቃሉ ከመያዝ አልፎ የራሱን እንዲፈጥር ማስገደድ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ላቲን፣ የእኛ ሊቃውንት ሮማይስጥ የሚሉት፣ በተመሳሳይ ሁናቴ ላይ ነበር። ማንም በላቲን አያለቅስም፤ ማንም በላቲን አይሸምትም። ነገር ግን ሕክምናውም፣ ሕጉም፣ የሃይማኖት ክርክሩም የሚጻፈው በላቲን ነው። ልጆቹ በላቲን ትምህርት ቤት ገብተው ስምና ግስ ያረባሉ፤ ከዚያ ስድ ንባብ፣ ቀጥሎም ግጥም በላቲን እንዲገጥሙ ይታዘዛሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች በእረፍት ሰዓት እንኳ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። (ይህ የመጨረሻው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዛሬም በቦሌ አካባቢ ልጁ በግቢው ውስጥ በአማርኛ ከተናገረ ጥፋት የሚቆጥሩ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ታናናሾቻችን ይነግሩናል።) እንግዲህ አንድ የኛ ደብተራና አንድ የጀርመን የላቲን መምህር በዚያ ጊዜ ተገናኝተው ቢሆን፣ ስለ ሥራቸው የሚጨዋወቱት ብዙ ነገር ባላጡ ነበር። የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት የዚህ ዐይነት መገናኘት ታሪክ ነው።

ወደ መገናኘቱ ያደረሳቸው መንገድ ግን መራራ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1607 እስከ 1632 ድረስ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከፍ ያለ ተሰሚነት አገኙ። በ1603 የገባው ፔድሮ ፓኤዝ ብልህና ትዕግሥተኛ ነበር፤ እሱ በ1622 ከሞተ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የአገሩን ልማድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ቸኮለ። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ሕዝቡ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ክርክር ከንጉሡና ከሜንዴዝ ጋር የወገኑ ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ከለቀቁ ወዲያ፣ ኢየሱሳውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ጎርጎርዮስም ከሜንዴዝ ጋር ወጡ።

አንዳንድ ሰዎች ስለዚህ ምርጫቸው ሲሉ ስማቸውን ማንሣት አይወዱም፤ አንዳንዶችም ይህን ታሪክ ሸፍነው ስለ ሊቅነታቸው ብቻ ይናገራሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ሰውዬው በዘመናቸው ከነበረው ታላቅ ጠብ በአንደኛው ወገን ቆመዋል፤ ወገናቸው ተሸነፈ፤ ዋጋውንም በስደት ከፍለዋል። የስደታቸው ፍሬ ግን ከጠቡ ሰፊ ሆኖ ተገኘ።

ስደቱ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ወደ ጎዓ ነበር፤ የፖርቱጋል መንግሥት የምሥራቅ ግዛት ዋና ከተማ እሷ ነበረችና። ከዚያ ወደ ሮማ ሄዱ። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል የኢትዮጵያውያን ቤት ነበር። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከአገራችን በኢየሩሳሌም በኩል የሚሄዱ መነኮሳት ያርፉበት የነበረ ሲሆን፣ አውሮፓ ግዕዝን የተማረችው በዚህ ቤት በር ገብታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከዚያ ቤት መነኮሳት ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ያ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን፣ እነሱ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ የሚሏቸው፣ በ1548 ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ፤ ማርያኖ ቪቶሪ የሚባለውንም ኢጣልያዊ አስተማሩ። ቪቶሪ በ1552 ያወጣው መጽሐፍ በአውሮፓ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ ሰዋስው ነው፤ የተጻፈውም በላቲን ነው።

አሁን ወደ ተማሪው እንምጣ። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለቋንቋ የተለየ ፍቅር ነበረው። ገና ወጣት ሳለ በእጁ የገቡትን ጥቂት የታተሙ የግዕዝ መጻሕፍት እያገላበጠ፣ ያለ መምህር፣ ግዕዝን ብቻውን መማር ጀመረ። ሥራው አስቸጋሪ መሆኑን ለመረዳት ያህል፣ በጊዜው የነበረው ዋና መዝገበ ቃላት በ1638 በሮማ የታተመው የያዕቆብ ቬመርስ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ኢዮብ ይህን ሁሉ ስሕተቱን ሳይቀር አጥንቶ፣ ከግዕዝ ተናጋሪ አፍ አንዲት ቃል እንኳ ሳይሰማ፣ በ1649 ለስዊድን ቤተ መንግሥት የሚፈለጉ የቆዩ ወረቀቶችን እንዲፈልግ ወደ ሮማ ተላከ። ወረቀቶቹን አላገኘም። ያገኘው አባ ጎርጎርዮስን ነው።

ከዚያ ቤት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ጋር በተገናኘ ጊዜ መጽሐፍ ሰጥተው እስኪ አንብብ አሉት። እሱም አነበበ። ያን ጊዜ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ኢዮብ ራሱ ይህን ሳይደብቅ በኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል። የሳቁ ምክንያት በንባብ ቤት ላለፈ ሁሉ ግልጽ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚታወቀው በመምህር አፍ ብቻ ነው። ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጠርቶ ንባቡን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ነገር ግን ኢዮብ ያነበበውን መተርጐም በጀመረ ጊዜ ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። ከአገራችን ገብተው ብዙ ዓመት የኖሩ የውጭ አገር ካህናት እንኳ የሚቸገሩበትን ቋንቋ ይህ የ25 ዓመት ጐልማሳ ያለ መምህር ደርሶበታል።

እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምንወደው ቦታ ይህ ነው። መምህር የሆነ ሰው ተማሪው ተሳስቶ ሲያነብ ሊስቅ ይችላል፤ ሰው ነውና። ጥያቄው ከሳቁ በኋላ የሚያደርገው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከአገራቸው የተሰደዱ፣ ከወጣቱ የሚፈልጉት ምንም ነገር የሌላቸው ሰው ነበሩ። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊያስተምሩት ተቀመጡ። በመጀመሪያ አንቶንዮ ዲ አንድራዴ የሚባል፣ አባቱ ፖርቱጋላዊ የሆነ የኢትዮጵያ ተወላጅ፣ በኢጣልያንኛ እያስተረጐመ ያገናኛቸው ነበር። ኢዮብ ከሮማ ከሄደ በኋላም ትምህርቱ በደብዳቤ ቀጠለ። መምህሩ በግዕዝ ይጽፋሉ፤ ተማሪው በግዕዝ ይመልሳል። ዛሬ የርቀት ትምህርት የሚባለው ነገር አዲስ ለሚመስለው ሁሉ ይህን ማሰብ ይጠቅማል።

በዚህ መካከል ኢዮብ በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት አገልግሎት ገባ፤ ከሥራዎቹም አንዱ የመስፍኑን ልጆች ማስተማር ነበር። ኤርንስት ሃይማኖተኛው የሚባሉት እኚህ መስፍን፣ ሠላሳ ዓመት በቆየው የጀርመን ጦርነት የተጐዳ አገር ተረክበው፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ትምህርት ቤት በማደራጀት የጀመሩ ሰው ናቸው። በ1642 በአንድሬያስ ራይኸር እጅ የተዘጋጀው የትምህርት ደንባቸው፣ ወንድም ሴትም ልጅ ሁሉ፣ የገበሬው ልጅ ሳይቀር፣ እንዲማር የሚያዝዝ ነበር። ራይኸር የከተማው የላቲን ትምህርት ቤት አለቃም ነበር። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ የተጋበዙት ስለ ማስተማር አብዝቶ ወደሚያስብ ከተማ ነው ማለት ይቻላል።

መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና ከኢትዮጵያዊ አፍ መስማት ፈለጉና አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከሮማ ተነሥተው፣ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። ዛሬ ከቦሌ በማታ የሚነሣ አውሮፕላን ሲነጋ ፍራንክፈርት ያደርሳል፤ ኢዮብ ያረጀባትና የሞተባት ከተማ ናት። ለአባ ጎርጎርዮስ ግን ከመካነ ሥላሴ ተነሥቶ ጀርመን አገር መድረስ፣ የጎዓውና የሮማው ኑሮ ሲቆጠር፣ ሃያ ዓመት ያህል የፈጀ መንገድ ነበር። ኢዮብ እስከ ኑረንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸውና ወደ ጎታ፣ ገና ግንባታው ወዳላለቀው ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ይዟቸው ገባ።

በጎታ አንድራዴ የለም፤ አስተርጓሚ የለም። ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙበት ቋንቋ ግዕዝ ብቻ ሆነ። ይህ ነገር ሲታሰብ እጅግ ያስገርማል። አንደኛው ግዕዝን ለጸሎትና ለንባብ እንጂ ለወግ ተጠቅሞበት አያውቅም፤ ሁለተኛው በኤርፉርት ከመጽሐፍ ለቅሞ የተማረው ነው። ሁለቱም ውኃ ስጠኝ፣ ዛሬ ብርድ ነው፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል ለማለት ያልለመዱትን ቋንቋ ይዘው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መጀመሪያ ተደናቀፉ፤ እየዋለ እያደረ ግን ምላሳቸው ተፈታ። የማይነገር የተባለው ቋንቋ በአንድ የጀርመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ለጥቂት ወራት የሰው መነጋገሪያ ሆነ።

ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ከተነሣ፣ በዚያ ክፍል የነበረው ዘዴ ጥያቄ ነው። ኢዮብ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ኢዮብ ይጽፋል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ ወንዝና ተራራ፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ጾም፣ ስለ ምግብና ስለ ልብስ፣ ስለ ቃላት ትርጕም፤ ከዚያም አልፎ ስለ አማርኛ። ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል። ለአባ ጎርጎርዮስ ዘመን ሊቅ መማርና ማስተማር ማለት ግዕዝ ነው፤ አማርኛ የሚነገር እንጂ የሚጠና ነገር አይደለም። ሆኖም ተማሪው ስለ እናታቸው ቋንቋ ሲጠይቃቸው አልናቁትም፤ ቃሉን ነገሩት፣ አረባቡን አሳዩት። ጥሩ ተማሪ መምህሩ ትምህርት ነው ብሎ ያላሰበውን ነገር እንኳ ከመምህሩ ያወጣል። ጥሩ መምህር ደግሞ ይህ በሥርዐተ ትምህርቱ የለም ብሎ በሩን አይዘጋም።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ዓመት ከጎታ ወጥተው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። መምህርና ተማሪ ከዚያ ወዲህ በአካል አልተገናኙም። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ምሥራቅ በመርከብ ሲጓዙ፣ በአሌክሳንድሬታ ወደብ አጠገብ፣ ዛሬ በቱርክ አገር ኢስኬንደሩን በሚባለው፣ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። በዚያው በ1658፣ ከስድስት ዓመት በፊት ኢዮብ በተቀበላቸው በኑረንበርግ ከተማ፣ የኮሜንዮስ ሥዕላዊ መጽሐፍ ታተመ፤ ልጆች ላቲንን ከሥዕል ጋር እያገናኙ እንዲማሩ የተዘጋጀው፣ እኛም ለፈተና የምናጠናው መጽሐፍ ማለት ነው። አንደኛው መምህር በመጽሐፉ ሲታወስ ይኖራል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ አልተዉም።

መጽሐፉን የጻፈው ተማሪያቸው ነው፤ የመጀመሪያው ፍሬም የታየው መምህሩ ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1661 የኢዮብ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተመ። ኅትመቱን እንዲቆጣጠር የላከው የራሱን ደቀ መዝሙር፣ ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብን ነበር። ይህ ቫንስሌብ ስለ መምህራን ሥልጠና ለምናስብ ሰዎች ራሱን የቻለ ምሳሌ ነው። ግዕዙን ከኢዮብ ተምሯል፤ ጎበዝም ነበር። ግን በሎንዶን ሳለ ከመምህሩ ፈቃድ ውጭ የራሱን ነገር በመጽሐፉ ላይ እየጨመረ ኢዮብን አስቈጣ። በ1663 መስፍን ኤርንስት ገንዘብ ሰጥተው ወደ ኢትዮጵያ ቢልኩት ከግብጽ አላለፈም፤ ከግብጽም ወደ ሮማ ሄዶ ሃይማኖቱን ለውጦ ቀረ። ስለዚህ ከአባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢዮብ በሙሉ የተላለፈው ነገር ከኢዮብ ወደ ቫንስሌብ ሲተላለፍ ጐደለ። ቃላቱና አረባቡ ተላልፏል። ያ የጎታው ጠረጴዛ ግን፣ ማለት ከቋንቋው ባለቤት ጋር ተቀምጦ መሳሳትና መታረም፣ አልተላለፈም። የእኛ ግምት ይህ ነው፤ የሚቃወም ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

ኢዮብ ግን አልደከመም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። መጽሐፉ አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ስለ አገሩና ስለ ሰዉ ጠባይ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ቤት ኑሮና ስለ ትምህርት ይናገራል። በዓመቱ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኢዮብ የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ እየደጋገመ ይጠራቸዋል፤ እሳቸው ያሉትንና ሌሎች የጻፉትን ለይቶ ያሳያል፤ ሲጣረስም ብዙውን ጊዜ ለእሳቸው ይመሰክራል። በ1691 ባወጣው የማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ሥዕላቸውን አስቀርጾ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውንና የአማርኛ መዝገበ ቃላትን አከለበት። በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው፤ ዋናው ምንጩም ከአርባ ዓመት በፊት በባሕር የሰጠሙት የመካነ ሥላሴው ሰው ናቸው። ኢዮብ የግዕዙን መዝገበ ቃላት በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 አርሞ እንደገና አሳተመና በ1704 በፍራንክፈርት ሞተ።

እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት በላቲን ነው። እስካሁን የተረክነውን ታሪክ ለእኛ የዛሬ ጉዳይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ኢዮብን የተካው ታላቁ አውጉስት ዲልማን በ1865 ባሳተመው፣ ከ1,500 በላይ ዓምዶች ባሉት የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ትርጕሙን የሰጠው በላቲን ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የአገራችንን ቅዱሳን ገድላት ሲያሳትም የተረጐማቸው በላቲን ነው። በአገራችን በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተደክሞበት፣ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በአማርኛ በመጻፉ የሁላችን ባለውለታ ነው። ነገር ግን አንድ የግዕዝ መምህር የአለቃ ኪዳነ ወልድን ትርጕም ከዲልማን ጋር አስተያይቶ፣ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ በገዛ አእምሮው ለመፍረድ ቢፈልግ በሩ የሚከፈተው በላቲን ቁልፍ ነው። ላቲን በአገራችን ይማሩት የነበሩት በአብዛኛው በካቶሊክ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤቶች የገቡ ናቸው። የግዕዝ መምህር ሊሆን የሚሠለጥን ሌላው ተማሪ ስለ ገዛ ቋንቋው የተጻፈውን በእንግሊዝኛ በኩል፣ ያውም ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ ይቀበላል።

እኛ ላቲን እንደ ጥንቱ የምሁርነት ማዕርግ ሆኖ ይመለስ የምንል አይደለንም፤ ለብዙኃኑ ተማሪ ምን ይሠራለታል? የምንለው ግዕዝን ለሚያስተምሩት፣ ለእነዚያ ለጥቂቶቹ፣ ማንበብ የሚያስችል ያህል ላቲን ያስፈልጋቸዋል ነው። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ የተናገሩት ቃል ላቲን ለብሶ ተቀምጧል። ልብሱን ገልጦ ቃሉን የሚያይ የአገራቸው ልጅ እስኪገኝ ድረስ የእሳቸው ትምህርት ለእኛ ገና አልደረሰንም።

ይህን በመንቀፍ ብቻ እንዳንቀር ከእኛ መካከል አምስት ሆነን ገርጂ በአንድ ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የዲልማንን መዝገበ ቃላት ማንበብ ጀምረናል። መጽሐፉ በቅጅ በስልካችን ላይ አለ። የተደራጀውም በእኛው ፊደል ተራ፣ ከ«ሀ» ተነሥቶ ወደ «ለ» ስለ ሆነ ቃሉን ማግኘት አያስቸግርም፤ ችግሩ ቃሉ ከተገኘ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየዓምዱ የሚደጋገም «ኢ. ኩ.» የሚነበብ አጭር ምልክት የአንድ መጽሐፍ ስም መስሎን ስንፈልግ ከረምን። በኋላ አንድ አዛውንት ቄስ «ኢዴም ክዎድ» የሚለው የላቲን ሐረግ ምሕጻረ ቃል መሆኑን፣ ትርጕሙም ይህ ቃል ከዚያኛው ጋር አንድ ነው ማለት መሆኑን ነገሩን። ሳቁብንም። ከሳቁ በኋላ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና የስም ማርቢያውን የመጀመሪያ ሰንጠረዥ በደብተራችን ላይ ጻፉልን።

እሳቸው ዘወትር ሊመጡልን አይችሉም፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። አሁን «ለ» አጋማሽ ላይ ነን። ላቲን የሚያውቅ ወይም ትንሽ የጀመረ አንባቢ ቢኖር፣ በዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በኩል ስሙን ቢያስታውቀን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመገናኛ ድረስ ሄደን እንቀበለዋለን።